ጥሩ የቦርዶ ቀይ ወይን በምን ይመዘናል? በአንድ የፖያክ ጠርሙስ ላይ የተደረገ ውይይት

ብሌን ዘፒያሳ ጽፋለች፦

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆቴል በመጠጥ መስተንግዶ ክፍል እሠራለሁ። በቅርቡ ከባልደረቦቼ ጋር በፈረንሳይ ቦርዶ ክልል ፖያክ በተባለ አካባቢ የተመረተ አንድ የሻቶ ላንሽ ባዥ 2005 ቀይ ወይን ጠርሙስ ከፍተን ልንቀምስ ነው፤ እያንዳንዳችንም ስለ ጥራቱ የጽሑፍ አስተያየት እንድናቀርብ ተጠይቀናል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየመጽሔቱ የሚወጡ የቅምሻ ማስታወሻዎችን ሳነብ ጥቁር ከረንት (የአውሮፓ ትንሽ ጥቁር ፍሬ)፣ የእርሳስ እንጨት፣ ትምባሆ፣ ቆዳ እየተባለ የሽታ ስም ተደርድሮ አገኛለሁ። አንዳንዶቹን እኔም ወይን ሳሸት ለይቻቸዋለሁ። ነገር ግን እነዚህን ሽታዎች ማግኘቴ ወይኑ ጥሩ መሆኑን እንዴት እንደሚያረጋግጥልኝ አልገባኝም። አንድን ወይን «ውድ ነው» ከማለት አልፌ «በእርግጥም ታላቅ ነው» ወይም «ስሙ ከጣዕሙ ይበልጣል» ለማለት በምን ላይ ልቁም? ልምድ ያላችሁ ብታብራሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

---

ከዢሮንድ ዳር ጽፏል፦

ጤና ይስጥልኝ ብሌን። የምኖረው ቦርዶ ነው፤ መተዳደሪያዬም ከወይን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥያቄዎን ዘርዘር አድርጌ ለመመለስ እሞክራለሁ።

የሽታ ስሞችን መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። ሽታ የወይኑን ማንነት ይገልጻል፤ የጥራቱን መጠን ግን ብቻውን አይናገርም። ጥቁር ከረንት የሚሸት ካበርኔ ሶቪኞ ከተባለው የወይን ዝርያ የተጠመቀ ርካሽ ወይን በየመደብሩ ሞልቷል። ከረንቱንም በሕይወትዎ ቀምሰውት የማያውቁ ከሆነ ስሙን ከመጽሔት ተውሰው መጻፍ አይጠበቅብዎትም፤ የሚያውቁትን ሽታ በሚያውቁት ስም ይጥሩት። ፈረንሳዮች በፖያክ ወይን ውስጥ አገኘነው የሚሉት የእርሳስ እንጨት ሽታ፣ ጥድ ሲፈለጥ አጠገቡ ለቆመ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም።

ጥራቱን የሚነግርዎት በመጀመሪያ የወይኑ አቋም ነው። ከሽታው ይልቅ በአፍዎ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ትኩረት ይስጡ። ጥቂት ጎንጨት ብለው በምላስዎ ላይ ሲያንከባልሉት ከጉንጭዎ ውስጥ ምራቅ የሚያመነጨው አሲዱ ነው፤ ድድዎንና ምላስዎን አድርቆ የሚይዘው ታኒን ነው፤ ጉሮሮዎን የሚያሞቀው አልኮሉ ነው። በእነዚህ መካከል ደግሞ የፍሬው ጣዕም አለ፤ አፍ ሲገባ ጎልቶ መሐል ላይ የሚጠፋ ወይን አለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፍን ሞልቶ የሚጓዝም አለ። በታላቅ ወይን ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ነጥሎ «ይህ በዛ» ማለት ያስቸግራል። ታኒኑ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የሚሸከመው ፍሬና የሚያነቃው አሲድ ካለ ግን ብዛቱ ሸክም አይሆንም።

በታኒን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሜዶክን (ፖያክ የሚገኝበትን ክልል) ቀይ ወይን መመዘን በአብዛኛው ታኒኑን መመዘን ነውና። ታኒን የሚመጣው ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ዘር፣ በከፊልም ከኦክ በርሜሉ ነው። በምራቃችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ የአፍን ልስላሴ ይነሳል፤ የመድረቅ ስሜቱም ከዚህ ይመጣል። «ታኒኑ ምን ያህል ነው?» ከሚለው ይልቅ «ምን ዓይነት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፍሬው ሳይበስል ከተለቀመ ታኒኑ ሻካራ ሆኖ ድድን ይቧጥጣል፤ የጥሬ ቃሪያ ሽታም ይከተለዋል። በወጉ ከበሰለ ግን መያዙን ይይዛል፣ ነገር ግን እንደ ደቂቅ ዱቄት እኩል ተሰራጭቶ ነው። በእርስዎ ጠርሙስ ዕድሜ ደግሞ የታኒኑ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተያያዙ ከፊላቸው ወደ ታች ዘቅጠዋል፤ ስለዚህ ከወጣትነቱ ለስልሶ፣ መያዣው ግን ሳይጠፋ ሊያገኙት ይገባል።

ከዋጡት ወይም ከተፉት በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ልብ ይበሉ። እዚህ አንዷን ሰከንድ «አንድ ኮዳሊ» ብለው ይቆጥሯታል። ቀላል ወይን በጥቂት ሰከንዶች ይጠፋል፤ ታላቅ ወይን ከአሥር ሰከንድ በላይ ቆይቶ፣ ሲሄድም መልካም ጣዕም እንጂ ምሬት ወይም የአልኮል ቃጠሎ አይተውም። በእኔ ግምት ሊታለል የማይችለው ምስክር ይህ ነው። አዲስ የኦክ በርሜል ሽታውን ሊያሳምር፣ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ረጅም ጊዜ መቆየቱ ቀለሙን ሊያጠቁር ይችላል፤ ርዝመትን ግን ከወይን ማሳው በቀር የሚሰጥ የለም።

---

የጅቡቲ መንገድ ጽፏል፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ልጨምር። ስለ ወይኑ ከመፍረድዎ በፊት ጠርሙሱ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ወደ አገራችን የሚገባው ወይን አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚያልፍ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ በሌለው ኮንቴይነር ከተጓዘ ወይም ወደብ ላይ ፀሐይ ከመታው ገና ሳይከፈት ሊበላሽ ይችላል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ወደ ላይ ገፋ ብሎ ከወጣ፣ በቡሹ ጎን ወይን የፈሰሰበት መንገድ ከታየ፣ ሽታውም ትኩስ ፍሬ መሆኑ ቀርቶ የተቀቀለ ፍሬ ከሆነ ወይኑን ሙቀት ነክቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የቡሽ ብክለት ነው። መንስኤው ቲሲኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቅ ውህድ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢኖር እንኳ ወይኑ የረጠበ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። መጠኑ ሲያንስ ሽታው አይታወቅም፤ የፍሬውን ጣዕም ብቻ ያደበዝዘዋል። ቀማሹም «ይህ ወይን ባዶ ነው» ብሎ በወይን ጠማቂው ላይ ይፈርዳል። ከተቻለ ሁለተኛ ጠርሙስ በመጠባበቂያነት ይኑራችሁ።

---

ሚዛን ጠባቂ ጽፏል፦

በዚህ ውይይት እስካሁን ያልተነሳው ዋናው ነገር ጠርሙሱን መሸፈን ነው። መለያው እየታየ የሚሰጥ ፍርድ ፍርድ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። የወይን ጥመቃ የሚያጠኑ 54 ተማሪዎች፣ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀረበላቸው፤ እነርሱም ለቀይ ወይን በሚውሉ ቃላት ገለጹት። ዓይናቸው ለአፍንጫቸው መልሱን አስቀድሞ ነግሮት ነበር። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሮበርት ሆጅሰን የተባሉ ተመራማሪ በአንድ የወይን ውድድር ላይ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ለዳኞች ሳይነገራቸው ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። ለተመሳሳዩ ወይን በተመሳሳይ የሽልማት ደረጃ ውስጥ ነጥብ የሰጡት ከአሥር ዳኞች አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በግንቦት 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ፓሪስ ላይ ያዘጋጀው ቅምሻም የሚታወቅ ነው። ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ከ20 ነጥብ እየሰጡ የቦርዶንና የካሊፎርኒያን ቀይ ወይኖች በስውር ሲመዝኑ፣ ከታዋቂዎቹ የቦርዶ ወይኖች ከሙቶን ሮትሽልድና ከኦ ብሪዮን ይልቅ ስታግስ ሊፕ የተባለ የካሊፎርኒያ አምራች ያቀረበው የ1973 ካበርኔ አንደኛ ወጣ። መለያው ቢታይ ኖሮ እነዚያ ዳኞች እንዲህ ይፈርዱ ነበር ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም። የአገራችን የቡና ቀማሾች ናሙናውን በቁጥር ብቻ እያወቁ የሚፈርዱት በከንቱ አይደለም። ብሌን፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልለው ከሌሎች ሁለት ወይኖች ጋር ያቅርቡት።

---

አንጋፋው ከፓሪስ ጽፈዋል፦

ሚዛን ጠባቂ ያነሳውን ሐሳብ አከብራለሁ፤ በሙሉ ግን አልቀበለውም። በስውር መቅመስ ከአድልዎ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በርካታ ወይን ተደርድሮ በፍጥነት ሲቀመስ ማሸነፍ የሚቀናው ጎላ ብሎ የሚጮኸው ነው፤ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ፍሬው የጣፈጠ፣ የኦክ ሽታው የጎላ ማለቴ ነው። የፖያክ ወይን በወጣትነቱ ዝግና ኮስታራ ነው። በአንድ ጉንጭ ፍርድ ከጣፋጩ ጎረቤቱ በታች ይቀመጣል፤ ከእራት ጋር ለሁለት ሰዓት ሲጠጣ ግን ያ ጣፋጩ ይሰለቻል፣ ይህኛው እየተከፈተ ይሄዳል።

ወይንን መመዘን ከመጣበት ቦታ ነጥሎ ማየትም አይቻልም። ፖያክ በዢሮንድ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለ፣ ወንዞች ከጥንት ጀምሮ ባከማቹት ጠጠር ጉብታ ላይ የተመሠረተ አካባቢ ነው። ጠጠሩ ውሃን ስለማይዝና የቀን ሙቀትን ስለሚያከማች ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞ እዚያ ይደርስለታል። ከወንዙ ማዶ በፖምሮልና በሴንት ኤሚሊዮን ሸክላና የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ መርሎ የተባለው የወይን ዝርያ ይገናል፤ ወይኑም ለስለስ ይላል። የፖምሮልን ልስላሴ ከፖያክ የሚጠብቅ ቀማሽ ጥሩውን ወይን በሌለበት ጥፋት ይወቅሰዋል። ስለዚህ «ይህ ወይን ቦታውን በታማኝነት ይናገራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የመለያ ተገዥነት አይደለም፤ የፍርዱ አንድ አካል ነው።

---

ሚዛን ጠባቂ ጽፏል፦

ጋሼ፣ ስለ ፍጥነት ያሉት እውነት ነው፤ ያንን ግን ጊዜ በመስጠት እንጂ መለያውን በመግለጥ አንፈታውም። ከፓሪሱ ቅምሻ በኋላም ብዙዎች «የፈረንሳዩ ወይን ጊዜ ሲያገኝ ይበልጣል» ብለው ነበር። በ2006 በሠላሳኛው ዓመት እነዚያው ቀይ ወይኖች በለንደንና በናፓ እንደገና በስውር ሲቀመሱ አንደኛ የወጣው የ1971 ሪጅ ሞንቴ ቤሎ፣ ያውም የካሊፎርኒያ ወይን ነበር።

---

አንጋፋው ከፓሪስ ጽፈዋል፦

ልጄ፣ ያንን ውጤት አውቀዋለሁ፤ አልክደውምም። የእኔ ክርክር ፈረንሳይ ታሸንፋለች የሚል አይደለም። ሞንቴ ቤሎ ያሸነፈው እኮ በዝግታ የሚያረጅ፣ አሲዱና ታኒኑ የተጠበቀ ወይን ስለሆነ ነው፤ ይህም እኔ የምሟገትለት የወይን ዓይነት ነው። በመጀመሪያ በስውር ይቀመስ፤ ማስታወሻው ይጻፍ፤ ከዚያ መለያው ይገለጥና ከቦታውና ከምርት ዘመኑ አንጻር ሁለተኛ ፍርድ ይሰጥ። ሁለቱም ፍርድ በወረቀት ላይ ይቅር።

---

ብሌን ዘፒያሳ ጽፋለች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ሁለት ፍርድ በተለያየ ሰዓት የመጻፉን ሐሳብ እንቀበለዋለን። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ላንሽ ባዥ በ1855ቱ የቦርዶ ወይኖች ምደባ አምስተኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ደረጃ መሆኑን አነበብኩ፤ ዋጋው ግን ከብዙ ሁለተኛ ደረጃ ወይኖች እንደማያንስ አየሁ። ደረጃውን በጽሑፋችን ውስጥ እንደ ማስረጃ ልንቆጥረው ይገባል?

---

ከዢሮንድ ዳር ጽፏል፦

እንደ ታሪክ ይቁጠሩት፤ ስለ ጣዕሙ ማስረጃ ግን አይሆንም። ምደባው የተሠራው በ3ኛው ናፖሊዮን ዘመን ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ያዘጋጁት የቦርዶ ደላሎች ናቸው። መሠረታቸው የየቤቱ ወይን ለረጅም ዓመታት የተሸጠበት ዋጋ ነበር። ቀይ ወይኖቹ፣ ግራቭ ከተባለው ሌላ የቦርዶ አካባቢ ከመጣው ኦ ብሪዮን በቀር፣ ሁሉም የሜዶክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጉልህ ለውጥ በ1973 ሙቶን ሮትሽልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማደጉ ብቻ ነው። ደረጃው የተሰጠው ለቤቱ እንጂ ለመሬቱ ስላልሆነም፣ ቤቱ በአካባቢው ክልል ውስጥ ማሳ ቢገዛም ቢሸጥም ደረጃው አይነካም። ላንሽ ባዥ በ1930ዎቹ በካዝ ቤተሰብ እጅ ከገባ በኋላ ስሙን የገነባው በሥራው ነው፤ ዛሬ ከአምስተኛ ደረጃ በላይ መሆኑን የማይቀበል ነጋዴ እዚህ አይገኝም።

ከደረጃው ይልቅ የምርት ዘመኑን ያጥኑ። የ2005 በጋ ደረቅ ስለነበር ፍሬው ትንሽና ልጣጨ ወፍራም ሆኖ በሚገባ በስሏል፤ ወይኖቹም ብዙ ታኒንና ጥሩ አሲድ ይዘው ለረጅም ዕድሜ የተሠሩ ናቸው። በአንጻሩ 2003 በአውሮፓው ከባድ ሙቀት፣ 2013 ደግሞ በብርድና በዝናብ ተፈትነዋል። በ2005 ወይን ላይ የጥሬ ቃሪያ ሽታና ቀጭን አካል ካገኙ ጠንከር ያለ ነቀፌታ ይገባዋል፤ በ2013 ወይን ላይ ግን ያው ጉድለት ሰማዩ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል ፍርዱ ለዘብ ይላል።

---

ባቱ ጽፏል፦

ለንጽጽር የሚሆን ሁለተኛ ወይን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በባቱ (ዝዋይ) የወይን ማሳውን የተከለው ካስቴል የቦርዶ ኩባንያ ሲሆን፣ በ2014 ለገበያ ካቀረባቸው የሪፍት ቫሊ ወይኖች መካከል የካበርኔ ሶቪኞ ቀይ ወይን ይገኛል። የፍሬው ዝርያ አንድ ነው፤ ማሳው ግን በምድር ወገብ አቅራቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን መቅመስ ካበርኔ ከራሱ የሚያመጣውንና ከፖያክ ጠጠር፣ ከበርሜልና ከዕድሜ የሚያገኘውን ለመለየት ይረዳል። የባቱው ወይን ወጣት ሆኖ እንዲጠጣ የተሠራ ስለሆነ በዕድሜና በዋጋ እኩያው ካልሆነ ወይን ጋር ማፎካከሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ ለማነጻጸሪያነት ግን ከማንኛውም መጽሔት የበለጠ ያስተምራል።

---

ብሌን ዘፒያሳ ጽፋለች፦

ይህ ሐሳብ በጣም ይጠቅመናል፤ የባቱውን ካበርኔ አብረን እናቀርባለን። ከቅምሻው በኋላ ጥብስ እንዲቀርብ ታስቧል፤ ይስማማል?

---

አንጋፋው ከፓሪስ ጽፈዋል፦

ቅምሻው በባዶ አፍ ይሁን፤ ዳቦና ውሃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጥብሱ ይምጣ፤ የሥጋው ፕሮቲንና ስብ ታኒኑን ስለሚያለዝበው ወይኑ ሌላ መልክ ያሳያችኋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ግን ይቀነስ። ያቃጠለ አፍ የአልኮሉን ሙቀትና የታኒኑን ምሬት አጉልቶ ስለሚሰማ ለዓመታት የለሰለሰው ወይን ሻካራ መስሎ ይታያል።

---

ከዢሮንድ ዳር ጽፏል፦

ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልበልና የቀረውን ለእናንተ ልተው። ጠርሙሱን ከቅምሻው አንድ ቀን አስቀድመው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ አተላው ወደ ታች ይወርዳል። በብርሃን ፊት ይዘው በዝግታ ወደ ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ይገልብጡትና አተላው ወደ ጠርሙሱ አንገት ሲደርስ ያቁሙ። የገለበጡት በዚያው ሰዓት የመጀመሪያውን ጉንጭ ቀምሰው ይጻፉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም እንደገና ይቅመሱ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ወይን አየር ሲያገኝ ወይ ይከፈታል፣ ወይ ይደክማል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቁም ራሱ የጥራቱ መመዘኛ ነው። በሰዓቱ ውስጥ እየሰፋ የሄደ ወይን ገና ዕድሜ አለው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ አምሮ ከዚያ የጠፋ ግን ጫፉን አልፏል።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫን ይሞላል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ ይከርራል። ብርጭቆው አፉ ጠበብ ያለ ይሁንና እስከ ሲሶው ብቻ ይቀዳ። ሳያሽከረክሩ አንድ ጊዜ ያሽቱ፣ አሽከርክረው እንደገና ያሽቱ። ነጭ ወረቀት ላይ አጋድመው ጠርዙን ይዩ፤ የ2005 ወይን ጠርዙ ላይ ወደ ጡብ ቀለም መቅላት መጀመሩ የተፈጥሮ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ከሆነ ግን ቀድሞ አርጅቷል።

ከመቶ የሚሰጠውን ነጥብ ተዉት። አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ያስፋፋው ይህ አሰጣጥ ለገዢ ይመች ይሆናል፤ ለሚማር ቀማሽ ግን 93 እና 95 ምን እንደሚለያቸው አይነግረውም። በምትኩ እያንዳንዳችሁ ስለ ታኒኑ፣ ስለ አሲዱ፣ ስለ ርዝመቱና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስላሳየው ለውጥ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ካልተስማማችሁ፣ የማትስማሙት በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ይታያችኋል፤ ወደ ብርጭቆው ተመልሳችሁም ልታጣሩት ትችላላችሁ።

ብሌን፣ ማስታወሻዎቻችሁን እዚህ ብታቀርቡልን በጉጉት እናነባለን። በተለይ የመጀመሪያው ጉንጭና የሰዓቱ ጉንጭ ልዩነት ምን እንደነበር ይጻፉልን።

---

ብሌን ዘፒያሳ ጽፋለች፦

አቀርባለሁ። ሁለት ጠርሙስ እንዲኖረን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ የቡሽ ብክለት ቢያጋጥመን ሁለተኛውን እንከፍታለን። ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑ አንደኛውን በመስታወት ዕቃ፣ ሁለተኛውን በቀጥታ ከጠርሙሱ ቀድተን አየሩ ያመጣውን ለውጥ ለይተን እንጽፋለን።